የቅናሹ ወይንና ሦስተኛው ብርጭቆ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? ባለቤትዎ፣ ልጆቹ፣ ያቺ ደረጃ ላይ እየተጋደመች ሰው የምትጠልፍ ድመታችሁ ሳትቀር ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኛ ደህና ነን። የአባባ እጅ እብጠቱ ጎድሏል፤ ትናንት የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉ። እኔም እንደሚያውቁኝ ነኝ፤ አፌም መርፌዬም ሥራ አልፈቱም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ይቅር ይበልዎትና፣ ወረቀቱ እጄን ነው የፈጀኝ። "አባቴን ማነው የሚያጠጣው? አንቺ ነሽ?" ብለው ጽፈዋል። አባባ የወደቁ ዕለት ያያቸው ሐኪም "ትንፋሻቸው ወይን ወይን ይላል፤ ከልብ ኪኒናቸው ጋር ደግሞ ወይን ማለት ገደል ነው፤ ዛሬ እጃቸው ተጎዳ፣ ነገ ላይነሱ ይችላሉ" ብሎ ደውሎልዎታል። "ቅዳሜ መጥቼ ወደ ቤቴ እወስዳቸዋለሁ፣ ልብሳቸውን አሰናጂ" ነው ያሉኝ። ስልክ ደውዬ መመለስ አያቅተኝም ነበር፤ በስልክ ግን እርስዎ ይቀድሙኛል። በደብዳቤ ማንም አያቋርጠኝምና እስኪ አረፍ ብለው ያንብቡኝ።

እኔ ለአባባ አንዲት ጠብታ ቀድቼ አላውቅም። ብዋሽ የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ። እኔ የምቀዳው ለራሴና ለወንድምዎ ብቻ ነው።

አዎ፣ ለወንድምዎ። "ይቺ ሴት አበደች" እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ፤ ግን ከሥሩ ልንገርዎት።

ወንድምዎ ወይን ማሸጊያው ፋብሪካ ውስጥ ወረቀት የሚለጥፈው ማሽን ላይ ይሠራ እንደነበር ያውቃሉ። ያ ወይን የአንድ ጠማቂ አይደለም። ከየቦታው የተረፈው በቦቴ ይመጣል፣ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ከላዩ የሱፐርማርኬቱ ስም ያለበት ነጭ ወረቀት ይለጠፍበታል። ወረቀቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ ውስጡ ግን ቦቴ በመጣ ቁጥር ሌላ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና "አንድ ኮት ለስንት ገላ!" እለው ነበር። ማሽኑ አንዳንዴ ወረቀቱን አጣሞ ይለጥፋል፤ የተጣመመው ለቅናሽ መደርደሪያ ይሄዳል። የእኛ የእራት ወይን እሱ ነበር። "ይሄን እኮ ያጣመምኩት ላንቺ ብዬ ነው" ይለኛል። ጉረኛ!

አንድ ቀን ሰው ቤት ተጋብዘን ውድ ወይን ቀረበልን። ጀርባው ላይ የቆዳ፣ የትምባሆና የእርጥብ ድንጋይ ጣዕም አለው የሚል ተጽፏል። ወንድምዎ ጮክ ብሎ አነበበና "ቆዳ ካማረኝ ጫማዬን አልልስም?" አለ፤ ጋባዦቻችን ተቀየሙ። ቤት ከገባን በኋላም ነገሩ አልወጣለትም። "እኛ ድንጋይ ቀምሰን አናውቅም፤ የምናውቀው ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ወይን በሰው ነው የሚጠራው" ብሎ ደነገገ።

ወይኑ ይቀዳል፣ አንድ አንድ ጉንጭ ይቀመሳል፣ ማንን እንደሚመስል ሳይነገር ማንኪያ አይነሳም። አባባ ያኔም በኪኒናቸው ምክንያት ክልክል ስለነበሩ ዳኛ አደረግናቸው። "ማሽተት በሐኪም አልተከለከለም" ይሉና ቡሹን አሽትተው ማን እንደረታ ይፈርዳሉ። አቤት ያኔ የሳቅነው ሳቅ! ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ያቀረብኩት ነጭ ወይን "የአጎትሽ ልጅ" ተባለ፤ ስሞ ሳይጨርስ ወጥቶ የሚሄደው። ከምስር ሾርባ ጋር የጠጣነው ቀይ ደግሞ የቤት አከራያችን ነበር፤ ሲገባ ይቆጣል፣ አንዴ ከተቀመጠ ግን መርቆ ነው የሚወጣው። እርስዎም አሉበት፣ አይቀየሙኝ። አንዱን ቀይ ገና እንደከፈተው ቀመሰና ፊቱ ተጨማደደ፤ "ይቺ እትዬ ናት" አለ። እኔ ደነገጥኩ። "ቆይ ተያት፣ ትንሽ አየር ታግኝ" አለኝ። ድንቹ በስሎ እስኪወጣ ጠበቅናት፤ እውነትም ማር ሆነች። አባባም "ልጄን አወቃት" ብለው ፈረዱለት። ያሁኑን ቁጣዎንስ ትንሽ አየር ቢያስነኩት ምን ይመስልዎታል?

ከዚያ የሆነውን ያውቁታል። ወንድምዎ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ እንዳለ ልቡ ቆመ፤ የሥራ ጓደኞቹ ያሸለበ መስሏቸው ድምፃቸውን ቀንሰው አለፉት። ድምፃቸውን መቀነሳቸው እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል።

ከቀብር መልስ እናንተ ስትበተኑ እኔና አባባ ማዕድ ላይ ተፋጠን ቀረን። ያ ሁሉ ጨዋታቸው ተዘጋ። "ሾርባው ጨው አነሰው?" ስላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ማነሱ ይሁን መብዛቱ አይታወቅም። ሱሪያቸውን አጠበብኩ፣ ደግሞ አጠበብኩ። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ሱፐርማርኬት ገብቼ እግሬ ወደ ቅናሽ መደርደሪያው ወሰደኝ። ወረቀታቸው ወደ ግራ ያዘነበለ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ወደ ግራ የሚያዘነብለው የእሱ ማሽን ነበር። ለካ ሰው ሞቶም ስህተቱ ገበያ ላይ ይቆያል! የቻልኩትን ያህል አቅፌ አመጣሁ፤ ሳሙናውንም ረሳሁት።

ያን ዕለት ማታ ፓስታ ሠራሁ። ለእኔ ብርጭቆ፣ ለአባባ ውሃ፣ በወንድምዎ ቦታ ደግሞ ሦስተኛ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ለምን አይበሉኝ፤ እጄ ነው ያደረገው። ቀዳሁ፣ ቀመስኩ፣ "ይሄ የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ እየሳቀ ያሳምማል" አልኩ። አባባ ቡሹን አላሸተቱም። ከዚያ ተራው የወንድምዎ ሆነ። እትዬ፣ ያ ዝምታ! አልቻልኩም፤ ጨው ላምጣ ብዬ ወደ ኩሽና ሸሸሁ። ስመለስ ሦስተኛው ብርጭቆ ጎድሏል። አባባን አየኋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ፓስታቸውን ይጠቀልላሉ። በማግስቱም ጎደለ። ከዚያ ወዲያ ጎድሎ ያላደረበት ቀን የለም።

ለጎረቤቴ፣ ለነርሷ፣ ብነግራት "ቤቱን ልቀቂ፣ ይሄ ደግ ነገር አይደለም" አለችኝ። "ምን ያደርገኛል? ባሌ ነው እንጂ ሌባ አይደል" አልኳት። እውነቴን ነው፣ አመንኩ። ለእራት እሱ የሚወደውን ሰማያዊ ቀሚሴን መልበስ ጀመርኩ፤ የጠረጴዛውን ልብስ በየቀኑ ተኮስኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉኝ ይሆናል። መጠርጠር እችል ነበር፤ መጠርጠር አልፈለግኩም።

ታዲያ አንድ ማታ ኩሽና ቆሜ ዳቦ ስቆርጥ ከምግብ ክፍሉ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ያቺ ከመናገሩ በፊት የሚጠርጋት ጉሮሮ። ቀጥሎ "ይሄማ የሥራ መሪያችን ነው፤ ገና ሲገባ አፍ ያደርቃል።" የወንድምዎ ድምፅ! ቢላዋውን ቀስ ብዬ አስቀምጬ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ እስከ በሩ ደረስኩ። "እሷ የፀጉር ሠሪዋ ባል ነው ትላለች፤ ተሳስታለች። አባባ፣ እስኪ ይፍረዱ" አለ። ያው ድምፅ ዝግ፣ ሻከር አለና "ልጄ ረቷል" አለ።

አባባና ወንድምዎ ድምፃቸው አንድ መሆኑን ለእርስዎ አልነግርዎትም። ስልክ ላይ ስንት ጊዜ ወንድምዎ መስለውዎት አባባን "አንተ ዘልዛላ!" ብለው በድንጋጤ ስልኩን ዘግተዋል? በበሩ ክፍተት አየኋቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ወይኑን ሳይቀምሱ ስም ማውጣት ማጭበርበር መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ እየተጎነጩ የልጃቸውን ተራ ይሞላሉ። እኔ ዝምታውን ሸሽቼ በወጣሁ ቁጥር እሳቸው ዝምታውን ያጠፉልኛል ማለት ነው።

አልገባሁም፣ እትዬ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኩሽና ውስጥ ሥራ በዛብኝ። የታጠበ ሳህን እንደገና አጥባለሁ፣ ማንም የማይበላው ዳቦ እቆርጣለሁ። ሦስተኛውንም ብርጭቆ ቀየርኩት፤ የድሮው ጠርዙ ተሸርፎ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። አዲሱ ተለቅ ይላል። በድሮው ብርጭቆ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚጠራው፤ በአዲሱ አክስቶቹም፣ የድሮ መምህሮቹም፣ ጭራሽ የረሳኋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይጠሩ ጀመር።

አባባ የወደቁበት ማታ ያ ድምፅ ወይኑን በእኔ ጠራው። "ይቺ ሚስቴ ናት" አለ። "ስትከፈት ትናከሳለች። ለመጣው ሁሉ አትስማማም። ግን እያደር..." ጉሮሮውን ጠረገና "አባባ፣ ይቺን ብቻዋን አይተዋት" አለ። አባባም በራሳቸው ድምፅ "አልተዋትም ልጄ" አሉት። እኔ ከበሩ ኋላ አፌን በፎጣ አፍኜ አለቅስ ስለነበር ወንበራቸው ሲንሸራተት አልሰማሁም። የሰማሁት ሲወድቁ ነው።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ የቀሩትን ጠርሙሶች በሙሉ ለነርሷ ሰጥቼ "ብለምንሽም እንዳትመልሺልኝ" አልኳት። ባለፈው ሐሙስ እራት ሲደርስ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ በሯ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። "እንግዳ አለብሽ እንዴ?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። አንዱን ሰጠችኝ። አባባ በዚያ በፋሻ በተጠቀለለ እጃቸው እንኳ ጠረጴዛው ልብስ ላይ አንዲት ጠብታ አላንጠባጠቡም።

ስለዚህ ይምጡ። አፈር ስሆን ቅዳሜ አይርፈድብዎ፤ ከእራት ሰዓት በፊት ይድረሱልኝ። ልብሳቸውን ተኩሼ ሻንጣ ውስጥ አድርጌያለሁ። ያጠበብኳቸው ሱሪዎች ውስጣቸው ትርፍ ጨርቅ አላቸው፤ ሲወፍሩልዎት ያስለቅቁላቸው። ኪኒኑ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነው። ሾርባ ጨው አነሰው ብለው አይናገሩምና ቀድመው ይቅመሱላቸው። አልሄድም ይላሉ፤ እኔ ስነግራቸው "አንቺስ?" ነው ያሉት። "ደክሟት ነው፣ ራሷ ናት ውሰጂልኝ ያለችኝ" ይበሏቸው። ቂም ይያዙብኝ እንጂ ይሂዱ።

ብቻ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ደህንነታቸውን በደብዳቤ ይጻፉልኝ እንጂ በስልክ አያገናኙኝ። ስደውልም ስልኩን ራስዎ ያንሱት። እሳቸው አንስተው ጉሮሯቸውን እንኳ ከጠረጉ፣ እትዬ፣ በማግስቱ ጠርሙስ ይዤ በርዎ ላይ ነኝ።

ቤትዎ ሙሉ ይሁን። ጉልበትዎን ይማርልዎት፣ ልጆችዎ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልዎት፣ አባባን ጤና ሰጥቶ በእጅዎ ያቆይልዎት። ድመቲቱንም ከደረጃው ላይ ያንሱልኝ፤ አባባ ማታ ማታ ወደ ታች አያዩም።

የወንድምዎ ሚስት