ከጊፋታ ያስቀረኝ ሥራ

ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 2007 ዓ.ም.

ለተቀየምሽኝ እናቴ፤

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? የጓሮው እንሰት እንዴት ነው? እህቴ ጣፈጠችስ ታጠናለች ወይስ እንደ ልማዷ ገበያ ለገበያ ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም፣ ይመስገን። ስልኬን ስለማታነሺ ነው መጻፌ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ጣፈጠች ነጥቃ ላንብብ ብትል እንዳትሰጫት። ያመጣው ሰው ነው የሚያነብልሽ። እሱ ወላይትኛ አይሆንለትም፤ አማርኛው የከበደሽ ቦታ እሷ ትመልስልሽ።

እማዬ፣ ያልሽውን አልረሳሁም። ጊፋታ ቤቱ ያልገባ ልጅ ወይ ሞቷል ወይ ከእናቱ ተጣልቷል፣ አንቺ ደግሞ አልሞትሽም ብለሽ ነው ስልኩን የዘጋሽብኝ። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምሽው ቅቤ፣ ከእንሰታችን የሚሠራው ሙቿ፣ የበሬው መታረድ፤ የተጣላ እንኳ ታርቆ በሚሻገርበት አዲስ ዓመታችን የእኔ ቦታ ባዶ ሆነ። የመንደራችን የጉኑኖ ጎረቤት ምን እንዳለም ይገባኛል። ግን ልለማመጥሽ አይደለም የምጽፈው። አሸነፍኩ፣ እማዬ! እሱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

ቆላ የተዳረችውን የአክስቴን ልጅ ጽጌሬዳን አስቢያት። ስትስቅ አፏን በነጠላ የምትሸፍነው ጭምት ሆና አይደለም፤ አፍራ ነው። የጉድጓዱ ውኃ ጥርሷን አበለዘው። የእኔ ሥራ ያን ውኃ የሚያጣራ ነገር መንደፍ ነው። ፖሊመር ይባላል፤ የፕላስቲክ ዘመድ ነው፣ ውስጡ ግን እንደ ስፖንጅ ክፍት ክፍት ነው። ክፍተቱን ዓይን አያየውም። ውኃው ያልፍና ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ግድግዳው ላይ ተይዞ ይቀራል። ክፍተቱ ከጠበበ ውኃው አያልፍም፤ ከሰፋ ደግሞ ፍሎራይዱ ሳይያዝ ያመልጣል። ልኩን ለማግኘት ሁሉንም በኬሚካል እየሠሩ መሞከር ዕድሜ ይጨርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተር ውስጥ እንሠራዋለን። ቅንጣቶቹ እንዴት እንደሚያያዙ፣ ምን ያህል ክፍተት እንደሚተዉ ኮምፒውተሩ አስልቶ ያሳየናል። ሲሙሌሽን ይሉታል።

ነሐሴ ላይ ያማረ ንድፍ አግኝቼ ነበር። ያየው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ጳጉሜን ላይ ጉዴ ወጣ። ለካ ያሰላሁት ደረቁን ፖሊመር ኖሯል! እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ውኃ ውስጥ ስከተው፣ በራችን በክረምት አብጦ አልከፈት እንደሚለው፣ ግድግዳው አበጠና ክፍተቱን ደፈነው። የውኃ ማጣሪያ ስነድፍ ውኃውን ረሳሁት። ሳቂብኝ፣ ይገባኛል። አስተማሪዬ ሁሉንም ውኃ ውስጥ እንደገና አስዪው፣ ጥቅምት ላይ ካላደረስሽ ናሙና የሚሠሩልን ሰዎች ተራችንን ለሌላ ይሰጡብናል አሉኝ። ተራው ካለፈ የስንት ጊዜ ልፋቴ ወረቀት ላይ ሊቀር ነው። በአንድ ኮምፒውተር ደግሞ ዓመት ይፈጃል። የላቦራቶሪውን ኮምፒውተሮች ክረምት ከበጋ ተማሪ አይለቃቸውም። ሥራ የሚፈቱት መቼ ይመስልሻል? በጊፋታና በመስቀል ሰሞን! የዩኒቨርሲቲው ግቢ ባዶውን ሲቀር፣ ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ።

የላቦራቶሪው ቁልፍ በአድነው እጅ ነው። ቴክኒሻን ነው፤ አሁን ፊትሽ ተቀምጦ የሚያነብልሽ እሱው ራሱ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን መዝለል ያምረዋልና ጣፈጠች በትከሻው ላይ አሻግራ ትከታተለው። መጀመሪያ መስቀል ነው፣ አገሬ እገባለሁ፣ ቁልፍ ለማንም አልሰጥም አለኝ። ጉራጌ ነው እማዬ። መስቀልን አገሩ ያልገባ ጉራጌ አይተሽ ታውቂያለሽ? አባቱ ሱቃቸውን ዘግተው ቤተሰቡን በሚኒባስ ሲጭኑ ግን እሱ ሳይሳፈር ቀረ። ኮምፒውተሮቹን አገናኝቶ እንደ አንድ አሠራቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሮጦ ጄኔሬተሩን ያስነሳል። የጊፋታ ዕለት ከተማው በዘፈን ሲናጥ እኛ ዳቦ በሻይ በላን። አልዋሽሽም፣ አልቅሻለሁ። የእሱም እናት ደውለው ሲያለቅሱበት ሰምቻለሁ። ለምን ቀረህ ብዬ ብጠይቀው ጄኔሬተሩ አመለኛ ነው፣ ለሰው አይታመንም አለኝ። ያ ጄኔሬተር አንድም ቀን አስቸግሮ አያውቅም።

እና እማዬ፣ ከንድፎቹ አንዱ ውኃ ጠጥቶ፣ አብጦም፣ ሳይደፈን ቀረ! እየዘለልኩ ወንበር ሰበርኩ። ተራችን ሳያልፍ አደረስን። ከጥምቀት በኋላ ናሙናው ተሠርቶ መጣ፤ ከእነጽጌሬዳ መንደር የተቀዳ ውኃ አሳለፍንበት። ኮምፒውተሩ ይይዛል ያለውን ያህል ያዘ። ኮምፒውተር ደግሞ ውኃ ያጣራል እንዴ እያሉ ሲቀልዱብኝ የከረሙ አንድ ዶክተር ውጤቱን ደጋግመው አንብበው፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። እኔ ግን እልል አልኩ፣ ቢሮ መሃል! ናሙናው ገና እፍኝ አይሞላም፤ መንደር እስኪደርስ ብዙ ይቀረዋል። ቢሆንም የማይሆነው ሆኗል። የአንቺ ልጅ ናት ያደረገችው።

እንግዲህ እርቁ በአንቺ እጅ ነው። ጊፋታን ስለቀረሁ አልጸጸትም፤ አንቺን ተጣልቼ መክረም ግን አልችልበትም። ካልታረቅሽኝ ይህ ሰው ባዶ አፉን ይመለስ፤ ፊቱን አይቼ አውቃለሁ። ከመስቀል ወዲህ እየደጋገመ የሚጠይቀኝ ነገር አለ። መልሱ እናቴ ዘንድ ነው፣ ሂድና አንብብላት ብዬ ይህን አሽጌ ሰጠሁት።

እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ከጠፋ ጣፈጠች ትጨርሰው።

የዳሞታ ተራራ ዝናብ ከጓሮሽ አይራቅ፤ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ምርቃትሽን አይንሳኝ። ከታረቅሽኝ ደግሞ ስልክም መልስም አልፈልግም፤ ማዕድ አቅርቢለትና የመጀመሪያውን ጉርሻ በገዛ እጅሽ አጉርሺው።

ልጅሽ