ሴኔት የሌለው ቤት

እሑድ፣ መስከረም 25
ከቤተክርስቲያን መልስ ያው ክርክር። ባሌ ዘውዱ ከጓደኛው ከኪዳኔ ጋር በስልክ... የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ከሌላ አገር ጋር ለመዋዋል ሴኔትን ምን ያስለምነዋል? «መሪ አንዴ ከፈረመ ፈረመ!» ይላል። ሁለት ሦስተኛው ሴኔት ካልተስማማ ውሉ አይጸድቅም አልኩ በሆዴ። ብቻውን የሚፈርመውም አለ፣ እውነት ነው። እሱን ደግሞ ተከታዩ መጥቶ ይቀደዋል። ማን ይንገረው? የቲቪውን ድምፅ ጨመረ። የራሱንማ ከጨመረ ቆየ።

ሐሙስ፣ መስከረም 29
ጉድ ነው! ዘውዱ ልጃችንን ሊዲን ዳራት። ሃቫና ስትሪት ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ሊበላ ሄዶ፣ የሊትልተኑ ባሕሩ ሽማግሌ ይዞ ጠበቀው። ለልጁ ለልዑል። ሌላ አባት ቢሆን «እንመካከርበት» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ሽማግሌ ሳይመላለስ ልጅ ይሰጣል እንዴ? የኔ ጀግና ጥብሱ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቀም።
«ልጅቷንስ ጠየቅካት?»
«ቃሌን ሰጠሁ፣ አለቀ።»
ሆስፒታል ውስጥ ስንቱን የምታክም ልጅ... በጥብስ!

አርብ፣ መስከረም 30
ሽሮው ጨው በዛበት አለ። ይብዛበት።

እሑድ፣ ጥቅምት 2
ሊዲ ከዴንቨር መጣች። ዘውዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ ነገራት። ትጮሃለች ስል ሳቀች።
«ዳዲ፣ ሶሪ፣ ካንስል አድርገው። አግብቻለሁ።»
ማቲን! የሥራ ጓደኛዬ ነው ብላ ያመጣችውን፣ በእጄ ያጎረስኩትን። በነሐሴ ቢሮ ሄደው፣ የጋብቻ ወረቀት ወስደው፣ ራሳቸው ፈረሙ። ቄስ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ምስክር የለ። ኮሎራዶ ይፈቅዳል አለችን። ምን ዓይነት አገር ነው?
ዘውዱ ብድግ አለ። «እንዴት ሳንጠየቅ! ቤተሰብ አይመክርበትም? እናትሽ የለችም?»
አይ ሰውዬው... ሴኔት ዛሬ ትዝ አለው! ሳቄ ሲያመልጠኝ ኩሽና ገባሁ። እዚያ ግን አለቀስኩ።

አርብ፣ ጥቅምት 7
ለሊዲ ደወልኩላት። አባትሽስ ጠይቆኝ አያውቅም፣ ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን ለእናትሽ እንዴት ትደብቂያለሽ? አልኳት።
«ማሚ፣ ብነግርሽ ለዳዲ ትነግሪዋለሽ። ከዛ እሱ ይወስናል። አንድ ቀን ኖ ብለሽው ታውቂያለሽ?»
 እዚህ ደብተር ላይ ስቀልድበት፣ ስሰድበው... ፊቱ ቆሜ ግን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ዘውዱ ሊትልተን ሄዶ ቃሉን መለሰ። ባሕሩ ተቀይሟል። አንገቱን ደፍቶ ይገባል ስል፣ ፊቱ በርቶ መጣ።
«በይ ተዘጋጂ። ለጥር ሠርጋቸውን እንደግሳለን። በአዳራሹ ከኪዳኔ ጋር ተስማምቻለሁ።»
 ሳህኑን አስቀመጥኩ።
«አይሆንም።»
«ምን አልሽ?»
«አይሆንም አልኩህ። መጀመሪያ ልጆቹ ይጠየቁ። ቀጥሎ እኔ።»
ቲቪውን አጥፍቶ ቁጭ አለ። እስካሁን እዚያው ነው።