ሽሮው ላይ ጠብ ያለው ዘይት

የካቲት 20
ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ። ዛሬ ምስር ስለቅም መጣብኝ...

ባሌ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዕጢ ይዟቸው ሳለ ሁዳዴ ገባ። ለታመመ ይፈቀዳል ብላቸው እሺ አላሉም። የዓሣ ጉበት ዘይት እንክብል በመርፌ እየወጋሁ ሽሮአቸው ላይ ጠብ አደርግ ነበር። ቫይታሚን ኤ አለው፣ ያበረታል የሚል አንብቤ። "ጾሜን ሳልሽር ልሂድ" ይሉ ነበር። እንደዚያው መስሏቸው ሄዱ።

የካቲት 23
ሉማሜ ዋልሁ። የመሪጌታ እህት የዓለምዘርፍ ጡቷን እየታከመች ነው። ከስታለች። አፏ ግን ያው።

"መጽሐፍ በላተኛዋ መጣች። ምን ይላል፣ እድናለሁ?"

ልጇ እየሩስ ማድቤት ጠራችኝ። እንክብል ወግታ የእናቷ ወጥ ላይ ጨመቀች። ያው ሽታ።

"እትዬ፣ እንዳይነግሩብኝ። ካወቀች ጾም ነው ብላ አትቀምሰውም።"

"ሐኪሟ ያውቃል?"

"ቫይታሚን ምን ይጎዳል?"

እኔም ያኔ ያልሁት ይህንኑ ነው።

የካቲት 27
አንድ የጤና መጽሔት ላይ አገኘሁ። ሰውነት ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ነገር አለ። አንዳንዱ ዕጢ ራሱም ያመርተዋል፤ ዕጢውን የሚዋጉትን ሕዋሳት ያለዝብበታል። በሌላ ሁኔታ ደግሞ እነዚያኑ ሕዋሳት ያበረታል። ብዙው በአይጥ የታየ ነው። ስለ እንክብል አይናገርም።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ጠባቂዎቻቸውን አስተኛሁ? ወይስ ምንም?

የካቲት 28
መጽሔቱን ደጋግሜ አነበብሁት።

መጋቢት 1
እዚህ ማርቆስ የባሌንም የእህታቸውንም ነገር አንስቼ አንድ ሐኪም ጠየቅሁ።

"ዘይቱ ገደላቸው ማለት አልችልም፣ እናቴ። ምንም አላደረገም ማለትም አልችልም። አሁን የምትታከመዋ ግን የምትወስደውን ሁሉ ሐኪሟ ይወቅ።"

ይቅር ይበልዎት አላለኝም። የእሱ ሥራ አይደለም።

መጋቢት 3
ለእየሩስ ደወልሁ። እናትሽን ንገሪያት፣ ለሐኪሟም ንገሩ አልኋት።

"እርስዎ ቢሆኑ ለአጎቴ ይነግሯቸው ነበር?"

ሳታውቅ ነው የጠየቀችኝ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ...

መጋቢት 5
መሪጌታ ቢያውቁ ይተዉት ነበር። ለዚህ ነው ያልነገርኋቸው። በሽታው የሳቸው፣ ጾሙም የሳቸው... የወሰንሁት እኔ።

ዘይቱ ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ ሳላውቅ እሞታለሁ። መደበቄን ግን አውቃለሁ።

የዓለምዘርፍ ይህን ስታውቅ ምናልባት ከእንግዲህ ደጇን አታስረግጠኝም። ከመሪጌታ ወገን የቀሩኝ እሷና ልጇ ብቻ ነበሩ።

የዓለምዘርፍን ፊደል ያስቆጠሯት ወንድሟ መሪጌታ ናቸው፤ ማንበብ አያቅታትም። ነገ በጧቱ አውቶቡስ ሉማሜ እሄዳለሁ። እነዚህን ገጾች የምሰጠው ለእሷ ነው፤ ምሳዋ ሳይቀርብ።