ሰባት ቤት ስንቆጥር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
ሐዳይቅ አል-መዓዲ

እህቴ ከሃይፋ ደወለች። ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው ዘረመል በምርመራ ተገኘባት፤ ከእናታችን የወረደ ነው። እናታችንም አክስታችንም በዚሁ ነው የሄዱት። "አንቺም ተመርመሪ፣ እህት ዓለም" አለችኝ።

ሜትሮው ላይ፣ የሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። እኔ ስታጭ አባባ ዘር ሲቆጥሩ ታዩኝ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ሰባት ቤት ሳንቆጥር አንጋባም። ያኔ የተቆጠሩት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን እንዳጣፉ እየገቡ አጠገቤ ተቀመጡ። "በምን ሞታችሁ?" አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ይህን የቆጠረ የለም። መውረጃዬንም አሳለፍኩ፤ ማሌሽ፣ ዓረቦቹ እንደሚሉት፣ ምንም አይደል።

ቤት ስገባ ልጄ ደረቴ ላይ ተለጠፈች። እንደ ልማዷ፣ "እማዬ፣ እኔ ማንን ነው የምመስለው?" አለችኝ።

ሁልጊዜ "አያትሽን ነዋ! ቁርጥ እሷን!" እላት ነበር።