ትሪው አይመጣም

ውድ መሳይ፣

«ውድ» ያለህ እጄ ነው፤ ለምዶበት ነውና አትኩራበት። በቴሌግራም ያልመለስኩልህ ለተከታዮችህ እንዳትለጥፈው ነው። ረድኤት ነገ ወደ ጎባ ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእጇ ታደርስልሃለች።

ፖስተርህ ደርሶኛል። «የአንድ ትሪ ፌስቲቫል! የእንቅስቃሴው መሥራች መሳይ ይጋብዛችኋል» ይላል። ፎቶህ ላይ ያለው ያ ሁሉ ጎፈሬ ዊግ እንደሆነ ሮቤ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ መላጣህን ያየነው ካቻምና ነው። ከሥሩ የጻፍካት መልእክት ደግሞ ትብሳለች። «ዙሁዬ፣ ትሪውን ላኪልኝ። መስታወት ውስጥ አስቀምጠን ሰው ይየው። አንቺም መድረክ ላይ ትቀመጫለሽ።» ጤነኛ ነህ ግን?

ለጋዜጠኛው የተናገርከውንም ሰማሁ። ሐሳቡ ተራራ ላይ ብቻህን ተቀምጠህ ሳለ መጣልህ አሉ! እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሆነን ለሽርሽር ዲንሾ ሄድን። እንደ ደንቡ የክርስቲያን ወጥ ለብቻ፣ የሙስሊም ወጥ ለብቻ ተጭኖ ነበር። መኪናው ሲንገጫገጭ የእናንተ ድስት ተደፋ። አንተና ረድኤት ጦማችሁን ልትውሉ ስትሉ፣ ጅሩ የቀረበለትን ሥጋ ወጥ ገፋ አድርጎ እናቱ የቋጠረችለትን ድንችና የገብስ ቂጣ በዚያ ሰማያዊ ትሪ ላይ ዘረገፈው። «ኮቱ መሳይ፣ ና! አብረን የማንበላው ሥጋ ከሆነ ለእኔም ይቅርብኝ» አለ። በቃ ይኸው ነው። አንተ ድንች ከመብላት በቀር የሠራኸው ነገር የለም።

ከዚያ ወዲያ ሥጋ የሚባል ተውን። ጸጉራችንን አሳደግን። ሰርግ ስንጠራ ከሁለቱም ድንኳን አንገባም፤ ትሪያችንን ይዘን ግቢው መሃል ቁጭ እንል ነበር። በእናንተ ጾም ቅቤ ተውንላችሁ፤ በረመዳን እናንተ እስክናፈጥር ጠበቃችሁን። የጎባና የጊኒር ልጆችም ተከተሉን። እናትህ እትዬ እኅተማርያም «ልጄን አሰለሙት» ብለው አለቀሱ። አባቴ ደግሞ «ልጄን ካፊር አደረጓት» ብለው ወር ሙሉ ዘጉኝ። ያኔ አጥራችን ሥር ቆመህ «ዙሁ፣ አባትሽ ቢያባርሩሽ እኔ አለሁልሽ» አልከኝ። አመንኩህ። ወድጄህም ነበር፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

አዲስ አበባ ሄደህ ጸጉርህን ተቆረጥክ፤ ይሁን። ሌላ ሴት አገባህ፤ እሱም ይሁን። ጎባ ላይ የሰርግህ ቀን ያደረግከው ግን እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ትሪውን ምስር ሞልተን፣ ነጭ ጨርቅ አልብሰን መጣን። በር ላይ በሱፍ ልብስህ ተቀበልከንና ትሪውን ስታይ ፊትህ ጠቆረ። «ዛሬን እንኳ ተዉኝ፣ የሚስቴ ዘመዶች ትልልቅ ሰዎች ናቸው» አልክ። ከዚያ አስተናጋጁን ጠርተህ እኔንና ጅሩን በአገጭህ አሳየኸው።

«እነዚህ የሙስሊም ድንኳን ናቸው።»

እነዚህ! ስም እንኳ አልሰጠኸንም። ረድኤትን ወደ ሌላው ድንኳን ወሰዷት። ጅሩ አልገባም አለ። ዝናቡ እየወረደበት ሁለቱ ድንኳኖች መሃል ቆሞ ምስሩን መብላት ጀመረ። እኔም ወጣሁ፤ ረድኤትም ወጣች። ሦስታችን ዝናብ የገባበት ምስር ስንበላ ከሙሽራ ወንበርህ ላይ ሆነህ አይተኸናል። አይተህ ወደ ቪዲዮ ቀራጩ ዞርክ።

አሁን ደግሞ መሥራች ሆነሃል። ፖስተሩን ደግሜ ሳየው ከታች በትንንሽ ፊደል «የክርስቲያንና የሙስሊም ምግብ በየድንኳኑ ተዘጋጅቷል፤ ሰንጋዎቹን የለገሱት ስፖንሰሮቻችን ናቸው» ይላል። ሰንጋ! በአንድ ትሪ ፌስቲቫል! ስታሳትመው የሳቀብህ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም?

ትሪው የት እንዳለ ልንገርህ። ጅሩ ለማር ንግድ ደሎ መና ሲወርድ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። የጨርቅ ሱቄ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ቀለሙ ተልጧል፤ አንድ ጎኑም ተቆልምሟል። ምሳ ሰዓት ላይ ከማዶ ካለው ትምህርት ቤት ሀይሚ፣ ቢፍቱና ጓደኞቻቸው መጥተው ምሳቃቸውን ይገለብጡበታል። ሥጋ ይዛ የምትመጣ የለችም። እኔ አላስተማርኳቸውም፤ ከታላላቆቻቸው ያዩት ነው። ስምህን አንዳቸውም አያውቁትም።

ትናንት ፖስተርህን አሳየኋቸው።

«እትዬ፣ ሰውዬው ማነው?» አለች ሀይሚ።

«ድሮ አብሮን ይበላ ነበር» አልኳት። «ትሪውን መስታወት ውስጥ ሊያስቀምጠው ይፈልጋል።»

ቢፍቱ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀና አለች። «አዳዳ ዙሀይራ፣ እኛ ታዲያ በምን ልንበላ ነው? አቦ፣ የራሱን ይግዛ!»

ስለዚህ የራስህን ግዛ። ገበያው ሙሉ ትሪ ነው፤ አዲሱ ለካሜራም ያምራል። እኔም መድረክህ ላይ አልወጣም። ጅሩንም እንዳትጠራው፤ መልሱን በደንብ ታውቀዋለህ።

ምናልባት ከፌስቲቫልህ ማግስት ከራብህ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄ ና። ዊጉን በር ላይ አውልቅ፤ እጅህን ታጠብ። ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጡሃል። የየትኛው ድንኳን እንደሆንክ አይጠይቁህም።

ከ«እነዚህ» አንዷ፣
ዙሀይራ
ሮቤ