የአባዬ የቀንድ ዋንጫ

ለውድ እህቴ ለዙሀራ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከመኝታ ተነስቼ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ እጽፍልሻለሁ።

በደብዳቤሽ «ዓይኔ ቢጫ ሆነ፣ አባዬ የጠጣውን የሥር መድኃኒት ከኢድ ማግስት እጠጣለሁ» ያልሽው ቀልቤን ገፈፈው። እህት ዓለም፣ አትጠጪው። የደበቅሁሽን ልንገርሽ።

በሰኔ እኔንም የወፍ በሽታ ያዘኝ። አገሬን ብለቅ መድኃኒቷን አልለቅ ብዬ፣ ከቤት ይዤው የመጣሁትን ያንኑ ሥር ደቁሼ ጠጣሁ። የዚያኑ ዕለት ወደቅሁ። ዝናቡም ግድግዳውም ሰማዩም ቢጫ ሆነብኝ። እውን ይሁን ሕልም ሳይለይልኝ፣ አባዬ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እግርጌዬ ተቀምጦ የቀንድ ዋንጫውን ሞልቶ ይዘረጋልኛል።

የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ደመላሽ፣ ጉበትህ ታሟል፣ ሥሩ ደግሞ ይባስ ጎድቶታል፤ ተኛ፣ ብላ፣ ረመዳን ሲገባም አትጹም አለኝ። የቁልቋሉ በለስ ሲደርስ ቤት ያከራየችኝ አደይ ለተብርሃን ከዓይናለም መንደር የመጣውን ታቀርብልኝ ጀመር። እኔ እንግዳው ከነፍሬው አንድ ቁና ጨርሼ ሆዴ ቢደርቅ ሰፈሩን አሳቅሁ! ከዚያ ወዲህ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ ጭማቂውን ብቻ ትሰጠኛለች። ፍልሰታን ትጾማለችና ቅዳሴ ሳይወጣ ጣቷን አትልስም፤ እጇ በጣፋጭ እንደተለቀለቀ «አጆኻ ወደይ»፣ አይዞህ ልጄ፣ እያለች ታጠጣኛለች። ያ ጣዕም ዛሬም ዓይኔን ይከድነዋል። ያዳነኝ ጭማቂው ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው ደመላሽ ሳቀብኝ፤ አቅም ይሰጥሃል እንጂ መድኃኒት አይደለም፣ ጉበት ካልመረዙት ብዙ ጊዜ ራሱን ይጠግናል አለኝ።

አንቺም ጾሙን ፍቺ፣ አላህ ለታመመ ፈቅዷል። ከቆላ የሚመጣውን ብርቱካን ጨምቀሽ ጠጪ፣ ሐኪምም ፈልጊ። አባዬን በሽታው ገደለው ስንል ኖርን። እኔ እንጃ። ያን ዋንጫ ከከንፈሩ ያስጠጋሁት፣ እምቢ ሲል ግድ የለም ጠጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው ነው የሚያቃጥለኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ይህን ግን አታንብቢላት። ባልሽን ጀይሉን፣ ታናሻችንን ረሒማን በያሉበት ሰላም በይልኝ። ነጋዴው ሐቢብ ነገ በጭነት መኪና ይነሳልና፣ ኢድ ሳይደርስ ይህ ወረቀት እጅሽ ይግባ።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ አባዬ ደግሞ መጣ። ፊቱን ወደናንተ አገር አዙሮ ዋንጫውን መሬት ላይ ደፋው። አንቺም እንደሱ አድርጊ።

ወንድምሽ ጠሃ
መቀሌ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.