የእንሰቶቹ ስም

ሰኞ
ዛሬም ውጤቱ አልወጣም። ልጄ ምሕረት ሦስት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣለች። የማስተርስ ጽሑፏን ዓርብ ካላስገባች አንድ ዓመት ይራዘምባታል። ሥራዋ የእንሰት ነው። የገባኝን ልጻፍ። በሽታ የሚከላከለው ጂን ሁሉም እንሰት ውስጥ አለ። ጊምቦ የሚባለው የእንሰት ዓይነት ውስጥ ነቅቶ ይሠራል፣ ዲሾ የሚባለው ውስጥ ይተኛል። የምትቀሰቅሰው ከፊቱ ያለች አጭር የዲኤንኤ ፊደሎች ሰንሰለት ናት ትላለች። ኮምፒውተሩ ይህችን ሰንሰለት ይፈልጋል።
«አባዬ፣ ጊምቦዎቹ ሁሉ ላይ መደጋገም ነበረባት። ግማሾቹ ላይ የለችም።»
«ኮምፒውተርሽ አርጅቷል» አልኳት።

ማክሰኞ
አምና ለጥናቷ ቅጠሎቹን የቆረጥኩላት፣ ስም ያለበትን ካርድም ያሰርኩት እኔ ነኝ። «ስማቸውን ታውቃለህ?» ስትለኝ «በገዛ ጓሮዬ!» ብዬ ተቆጥቻት ነበር። እውነቱን ለዚህ ደብተር ልናገር። እኔ የማውቀው መቆፈርና መትከል ነው። ስሙን ለይታ የምታውቀው ሟች ባለቤቴ ነበረች። ቀላ ያለውን ሁሉ ጊምቦ ብዬዋለሁ።

ረቡዕ
ነገርኳት። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ስለ ዝናብ አወራሁ። በመጨረሻ «በግምት ነው የሰጠሁሽ» አልኩ።
«እና እስካሁን የኔን ኮምፒውተር ስትሰድብ!» አለችኝ።
ጎረቤታችን እትዬ አበበች፣ እንደሷ እንሰት የምትለየው የሟች ባለቤቴ ጓደኛ፣ ከፎንቆ ገበያ እስክትመለስ ጠበቅን። ካርድ ያሰርኩባቸውን አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አየች።
«አይ አንተ ሰውዬ! ይሄ ጊምቦ ነው? ዓይንህን ምን ነካው?»
አምስቱን ስቻለሁ።

ሐሙስ
ስሞቹን አስተካክላ ኮምፒውተሩን እንደገና አስጀመረችው። ከሰዓት ጩኸቷን ሰምቼ ዶማዬን ጥዬ ሮጥኩ። ሰንሰለቷ ጊምቦዎቹ ሁሉ ላይ ወጥታለች፣ ከዲሾዎቹ ግን አንዱ ላይ ብቻ። ከዚያ ለማጣራት ፊደሎቹን እንደ መጫወቻ ካርታ በውዛ ኮምፒውተሩን እንደገና አስፈለገችው። ሰንሰለቷ ጠፋች።
«በአጋጣሚ የመጣች አትመስልም ማለት ነው» አለችኝ። ጂኑን በእርግጥ የምትቀሰቅሰው እሷ መሆኗ ገና በላብራቶሪ ይታያል አለች። ግንባሬን ሳመችኝ። አሳሳሟ የእናቷ ነው።

ዓርብ
አስገባች። መምህሯ ምን እንደሚል አናውቅም። ጽሑፉ ላይ እትዬ አበበችን «እንሰቶቹን የለየችልኝ» ብላ አመስግናለች፣ እኔን «ቅጠል የቆረጠልኝ»። አኮረፍኩ፣ ግን ብዙ አልቆየሁም። አበበችን በአጥር ጠርቼ «ስማቸውን አስተምሪኝ» አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ! ጓሮውን አብረን ዞርን። ሦስቱን ያዝኩ። አራተኛው ላይ ተሳሳትኩና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችብኝ። ነገም ነይ ብያታለሁ።